አስፋልት ዳር ያለው ሱቅ ወይስ ኪቶ ያለው ባዶ መሬት?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። «ጋሼ፣ ጅማ መርካቶ በኪራይ ሱቅ ጨርቃ ጨርቅ ስሸጥ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ከእህቴ ጋር ያጠራቀምነው 7 ሚሊዮን ብር ገደማ አለን። ደላላ ሁለት ነገር አሳየን። አንዱ እዚሁ መርካቶ አጠገብ አስፋልት ዳር ያለ አሮጌ የጭቃ ቤት ነው። ስፋቱ 120 ካሬ፣ ነባር ይዞታ፣ ፊቱ ሱቅ ነው። 6 ሚሊዮን ተኩል ይሉታል። ሌላው ወደ ኪቶ ፉርዲሳ በኩል ያለ 200 ካሬ ባዶ የሊዝ መሬት ነው። ባለቤቱ አልገነባበትም፤ በ4 ሚሊዮን ይሰጣል። ደላላው የኮሪደር ልማት፣ ማለትም መንገድ የማስፋቱና የማሳመሩ ሥራ ሲመጣ ሁለቱም እጥፍ ይሆናሉ ይላል። የትኛውን እንግዛ? ቢመክሩኝ።»

እህቴ፣ ደላላሽ ግማሹን እውነት ነግሮሻል። ፕላን ሲመጣ ዋጋ ይንቀሳቀሳል። ወዴት እንደሚንቀሳቀስና የማን ዋጋ እንደሆነ ግን አልነገረሽም። አንድ መንገድ ሲሰፋ የአንዱ ሱቅ ዋጋ ይጨምራል፤ ከፊት ለፊቱ ያለው ደግሞ ይፈርሳል። ሁለቱም ትናንት «አስፋልት ዳር» ነበሩ።

እኔ በከተማ ፕላንና ቤት ገዢን በማማከር ሙያ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ገዢ መጥቶ የመጀመሪያ ጥያቄው «ካሬው ስንት ነው?» የሚል ነው። «ፕላኑ እዚህ ቦታ ላይ ምን ይላል?» ብሎ የሚጀምር ሰው እምብዛም አይገጥመኝም። የጭቃ ቤት በ6 ሚሊዮን ተኩል የሚሸጠው ለጭቃው አይደለም። ሰው የሚከፍለው ቦታው ላይ ሊሠራ ለሚፈቀደው ነገርና በፊቱ ለሚያልፈው እግረኛ ነው። ሁለቱንም የሚወስነው ፕላን ነው።

ጅማ ራሷ ለዚህ ጥሩ ምስክር ናት። የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ላይ ጅሬን ኮረብታ ላይ ነበር። ገበያው ግን ታች ሂርማታ ነው። ከሸዋ ወደ ከፋ የሚያልፈው የሲራራ ነጋዴ እዚያ ያርፍ ነበር፤ ሐሙስ ሐሙስ ትልቁ ገበያ ይቆም ነበር። ጣሊያን ሲመጣ አወይቱ ወንዝ ዳር መንገድ ቀደደ፣ ሰፈር ከፋፈለ፤ «ፈረንጅ አራዳ» የሚለው ስም እስከ ዛሬ አለ። አዲሱ ከተማ ግን ገበያውን አልጣለውም፤ አጠገቡ ነው የተቀመጠው። ይሄው ዘጠኝ ዓመት ጨርቅ የምትሸጪው እዚያው አካባቢ ነው። ፕላን ከገበያ ጋር ሲስማማ ቦታው ለትውልድ ይቆማል። ሲጣሉስ? አንዳንዴ ፕላኑ ይሸነፋል። ብዙ ጊዜ የሚሸነፈው ባለሱቁ ነው።

የራሴን ጉድ ልንገርሽ። ወጣት እያለሁ በአንዲት አነስተኛ ከተማ የፕላን ሥራ ላይ ነበርኩ። አዲሱ መናኸሪያ ከከተማው ወጣ ብሎ እንዲሠራ ካርታው ላይ በእርሳስ ያሰመርኩት እኔ ነኝ። በዚያው ሰሞን አጎቴ ከአሮጌው መናኸሪያ በር ላይ ሱቅ ሊገዛ አማከረኝ። «ግዛ፣ ሰው ይተራመሳል» አልኩት። እግዜር ያሳይሽ! ቢሮ ውስጥ የሳልኩትን ነገር ከቢሮ ስወጣ ረሳሁት። አውቶቡሶቹ ሲነሱ ብስኩቱም ባትሪውም ሻዩም አብሮ ቆመ። ሕንፃው አልተነካም፤ ግድግዳው እንዳለ ነው። የሞተው በፊቱ ያልፍ የነበረው ሰው ነው። አጎቴ ሱቁን ከገዛበት ዋጋ በታች ሸጠው። እኔ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ቤት ከማየቴ በፊት ካርታ ነው የማየው።

አሁን ወደ መርካቶው ቤት እንምጣ። እዚህ ላይ በደንብ ቆም እላለሁ፣ ምክንያቱም ገንዘብሽ የሚበላው እዚህ ነው።

መጀመሪያ «ነባር ይዞታ» የሚለውን ተመልከቺ፤ ከሊዝ ሥርዓት ውጪ ከድሮ የተያዘ ቦታ ማለት ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 አንድ ነገር ደንግጓል። ነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ ውጪ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ ገዢው መሬቱን የሚይዘው በሊዝ ነው። ሻጩ በነባር ስሪት ሲገለገልበት ኖሯል፤ አንቺ ስትገዢ ግን የሊዝ ክፍያ ይጀምርብሻል። ክፍያው በከተማው የሊዝ መነሻ ዋጋ ይሰላል። ደላላ ይህንን የሚያነሳው ውል ሲፈረም፣ ያውም በሹክሹክታ ነው። ስለዚህ 6 ሚሊዮን ተኩል ማለት 6 ሚሊዮን ተኩል ብቻ አይደለም። የስም ማዛወሪያውንና የዓመቱን ሊዝ ደምረሽ ነው ከኪራዩ ጋር የምታወዳድሪው።

ሁለተኛው የመንገዱ ስፋት ነው። አሁን ያለው አስፋልት ሌላ፣ ፕላኑ ላይ ያለው መንገድ ሌላ ነው። ለምሳሌ ያህል ቁጥር ልስጥሽ። ቤቱ ፊቱ 8 ሜትር፣ ወደ ጓሮ 15 ሜትር ነው እንበል፤ 120 ካሬ መጣ። አሁን ያለው መንገድ 20 ሜትር፣ በመዋቅራዊ ፕላኑ፣ ማለትም በከተማው ዋና ፕላን ላይ ያለው 30 ሜትር ይሁን። ከየጎኑ 5 ሜትር ይሄዳል። ካንቺ የሚሄደው 40 ካሬ ነው። የትኛው 40 ካሬ? ፊቱ! ሱቁ ያለበት! የቀረሽ 80 ካሬ ጓሮና መኝታ ቤት ነው። በ120 ካሬ ሲካፈል ካሬው 54 ሺህ ብር ገደማ የመሰለሽ ቦታ በ80 ሲካፈል ከ81 ሺህ ብር በላይ ይሆናል።

«ካሳ ይከፈለኛል» ትይኝ ይሆናል። ይከፈላል፤ ግን ለምን? በሕጋችን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ካሳ በዋናነት የሚሰላው መሬቱ ላይ ላለው ንብረት ነው። የጭቃ ቤት ካሳ የጭቃ ቤት ካሳ ነው። አስፋልት ዳር መሆኑን አስበሽ የጨመርሽው ሚሊዮን ግምቱ ውስጥ አይገባም።

ሦስተኛው ነገር ሰው ብዙም አያስተውለውም። ለእኔ ግን የመርካቶው ቤት ዋና ጉዳይ እሱ ነው። ከተሞቻችን በዋና መንገድ ዳር ዝቅተኛ የፎቅ ቁጥር ይወስናሉ። «እዚህ መስመር ላይ ከጂ+3 በታች አይፈቀድም» ይባላል፤ ጂ+3 ምድር ቤትና ከላዩ ሦስት ፎቅ ነው። ዓላማው ገብቶኛል፤ ከተማው ዘመናዊ ይምሰል፣ መሬት አይባክን ነው። ገበያው ላይ የሚያደርገውን ግን እዪ። ጅማ ዋናው አስፋልት ላይ ቆመሽ ቀና በይ። ምድር ላይ ያሉት ሱቆች ጢም ብለዋል። አንደኛ ፎቅ ላይ ፀጉር ቤት፣ የጥርስ ክሊኒክ፣ ካፌ። ከዚያ በላይ? «የሚከራይ ክፍል አለ» የሚል ጨርቅ በፀሐይ ነጥቶ ተሰቅሏል። ደረጃ ወጥቶ ቀሚስ የሚገዛ የለም፤ አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ።

እና የአራቱን ወለል ወጪ የሚሸከመው ማነው? ምድር ላይ ያለው ነው። ለዚህ ነው አዲስ ሕንፃ ላይ የምድር ሱቅ ኪራይ ጣሪያ የነካው። ባለሕንፃው ክፉ ስለሆነ አይደለም። ፕላኑ ገበያው ያልጠየቀውን ፎቅ አሠራው፤ ብድሩን ደግሞ ከምድር ቤት ይከፍላል። በነገራችን ላይ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ለመኖሪያ ቤት ብቻ ነው። ሱቅን አይነካም። ኪራይሽ ሲጨመር ወደዚያ አዋጅ አትሩጪ።

አንቺ ያንን የጭቃ ቤት ብትገዢ ጥገና ልትከለከዪ ትችያለሽ፤ «አፍርሰሽ በደረጃው ሥሪ» ነው የሚባለው። በ7 ሚሊዮን ውስጥ ቦታውን ገዝተሽ ጂ+3 አትሠሪም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ቁመቱ ከ12 ሜትር ያለፈ ሕንፃን ምድብ ሐ ውስጥ ያስገባ ነበር። እንዲህ ያለ ሕንፃ ዲዛይኑም ቁጥጥሩም ከበድ ይላል። ከመንገዱ የተረፈው ቦታ ለደረጃው ካነሰ ደግሞ ከጎረቤት ጋር በጋራ አልሙ መባልሽ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የማስለቀቂያ አዋጅ ቁጥር 1161 ለነባር ባለይዞታዎች በፕላኑ መሠረት በግልም በጋራም የማልማት ቅድሚያ ይሰጣል። በወረቀት ደስ ይላል። አቅም ከሌላቸው ሁለት ጎረቤቶችና ከሦስት ወራሾች ጋር ግን ስብሰባው ብቻ ያስረጅሻል።

ወደ ኪቶው መሬት እንሂድ። እዚህ ላይ አጭር ነኝ፤ ጉዳዩ ቀላል ስለሆነ አይደለም፣ በሩ ላይ ስለሚያልቅ ነው።

ወረቀቱ ላይ የሊዝ ዘመኑን እዪ። ከአዲስ አበባ ውጪ ባሉ ከተሞች ለንግድ የሚሰጥ መሬት 70 ዓመት ነው። ለመኖሪያ 99 ዓመት ነው። ደላላው «99 ዓመት እኮ ነው!» ብሎ ሊያስደስትሽ ከሞከረ ሳያውቅ እውነቱን አወጣልሽ። ያ መሬት የንግድ መሬት አይደለም። «ምድሩን ሱቅ ታደርጊዋለሽ» የሚለው ተስፋ የአገልግሎት ለውጥ ፈቃድ ይጠይቃል። ፈቃዱ ደግሞ የሚገኘው የአካባቢ ልማት ፕላኑ ቦታውን ቅይጥ አገልግሎት፣ ማለትም መኖሪያም ንግድም ካለው ነው።

ቀጥሎ «ባለቤቱ አልገነባበትም» ያልሽው አስደንግጦኛል። ያው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 የግንባታ ጊዜ ይወስናል፤ እንደ ሕንፃው ስፋት ከ24 እስከ 48 ወር ማጠናቀቂያ ይሰጣል። ጊዜው ያለፈበት ውል ሊቋረጥ ይችላል። ሳይጀመር ወይም ግማሽ ሳይደርስ ሲሸጥ ሻጩ የሚያገኘው የተገደበ ነው። የከፈለው ሊዝ ከባንክ ወለዱ ጋር፣ የሠራው ግንባታ ዋጋ፣ ከዚያ ከተላለፈበት የሊዝ ዋጋ 5 በመቶ ይደርሰዋል። የቀረው ለከተማው ነው። ታዲያ ሰውየው ለምን በ4 ሚሊዮን ይሸጣል? «በውክልና እንጨርሳለን» ሊልሽ ነው! ውክልና ባለቤት አያደርግሽም። ሰውየው ውክልናውን ቢሽር፣ ቢሞት፣ ከሚስቱ ጋር ቢጣላ መሬቱ ያንቺ ስም ላይ የለም። ይህንን መሬት ተዪው። ልብሽ ካልተወው በጨረታ የሚወጣ የንግድ ቦታ ጠብቂ። ቅድመ ክፍያው ከጠቅላላው የሊዝ ዋጋ ከ10 በመቶ አያንስም፣ ቀሪው በየዓመቱ ነው፤ ስሙም ያንቺ ነው።

ስለ ኪቶ ራሱ አንድ ነገር ልጨምር። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ግቢ እዚያ ነው። ተማሪ ሲኖር ፎቶ ኮፒው፣ ቁርስ ቤቱ፣ የስልክ ካርዱ ይሸጣል። ክረምት ሲገባ ሐምሌና ነሐሴ ጭር ይላል። መርካቶ ሌላ ነው። እዚያ ዓመቱን የሚዘውረው ቡና ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር ገበሬው ብር ይዞ ሲገባ ያንቺ ጋቢና ቀሚስ ይወጣል። የኪቶ ገዢ ቀሚስ ሳይሆን ሳንድዊች ነው የሚፈልገው። በአሥር ወር ሽያጭ የአሥራ ሁለት ወር ወጪ መክፈል ደግሞ ለጨርቅ አይመችም።

አሁን ኮሪደሩ። አዲስ አበባ የጀመረው ጅማም ደርሷል፤ አስፋልቱም የእግረኛ መንገዱም እየተለወጠ ነው። ደላላ ሁሉ «እጥፍ» የሚለው ከዚያ ተነስቶ ነው። እኔ የማየው በሦስት ደረጃ ነው። ወሬው ሲሰማ ዋጋ ይወጣል፤ የሚያተርፈው ያኔ የሸጠው ነው። ሥራው ሲጀመር መንገድ ይቆፈራል፣ ባጃጅ በሌላ ይዞራል፣ ደንበኛ አቧራ ይሸሻል፤ ኪራይ ግን አይቆምም። ሲያልቅ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ያገኘው ሱቅ ያተርፋል። ሁሉም አይደለም ግን። መኪና ማቆም የተከለከለበት መስመር ላይ ካርቶን የሚጭን ጅምላ ነጋዴ ይጎዳል፤ ቡናና ኬክ የሚሸጥ ያተርፋል። ጨርቅ መሐል ላይ ነው፤ ባጃጁ የት እንደሚያወርድ ይወስነዋል። ፌርማታው መቶ ሜትር ሲሸሽ ምን እንደሚሆን የአጎቴን ሱቅ አስታውሺ። አንቺ ደግሞ አሁን የምትገዢው ወሬው ዋጋውን ካወጣው በኋላ ነው።

ፕላንና ፈቃድ የሱቅን ዋጋ ማንቀሳቀሳቸው የእኛ አገር ነገር ብቻ አይደለም። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጣችው ሕግ ትልቅ ሱቅ ለመክፈት የአካባቢ ኮሚሽን ፈቃድ እንዲጠየቅ አደረገች፤ የታሰበው ትንንሾቹን ለመጠበቅ ነበር። በኋላ ያጠኑት ኢኮኖሚስቶች ያገኙት ቀድመው የገቡት ትልልቆች ተፎካካሪ ሳይኖርባቸው እንደተጠቀሙና በችርቻሮው የሥራ ቅጥር እንደተጎዳ ነው። እንግሊዝም በ1990ዎቹ «መጀመሪያ መሐል ከተማ» የሚል መመሪያ አመጣች፤ ከከተማ ውጪ ገበያ ማዕከል መገንባት ከባድ ሆነ። ፈቃድ ሲጠብ ፈቃዱ በእጁ ያለው ሰው ንብረት ይወደዳል።

የጅማ ጉዳይ የገበያ ማዕከል ፈቃድ አይደለም። የኛ ጠባብ በር የመሬት ጨረታው ነው። ከተማው ፕላን ያወጣል፣ መሬቱንም ያቀርባል፤ ዳኛም ተጫዋችም ነው። በአንድ ዙር ብዙ የንግድ ቦታ ካወጣ ከሦስትና አራት ዓመት በኋላ ብዙ የምድር ሱቅ ገበያ ላይ ይወጣል፤ ኪራይ ይረግባል። ለዓመታት ካላወጣ ያለው ሱቅ ይወደዳል። ስለዚህ የጨረታ ማስታወቂያ የወደፊት ተፎካካሪሽ ዝርዝር ነው። ባትጫረቺም አንብቢው፤ የት ሰፈር፣ ስንት ቦታ፣ ለምን አገልግሎት።

እንግዲህ ምን ታድርጊ? እኔ ባንቺ ቦታ ብሆን ሁለቱንም አልገዛም። ግን የመርካቶውን በር ጨርሼ አልዘጋም። ከተማ አስተዳደሩ ዘንድ ሄደሽ ለቦታው የፕላን መረጃ በጽሑፍ ጠይቂ። በባለቤቱ ስም ቢሆን ይቀልላል፤ ስለዚህ ሻጩን ይዘሽ ሂጂ። ሻጩ «ምን አደከመሽ» ካለ መልሱን አገኘሽ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ፕላን ለሕዝብ እንዲገለጥ ያዛል፤ ማየት ልመና አይደለም። የምትፈልጊው ሦስት ነገር ነው፦ የመንገዱ ስፋት በፕላን፣ የመሬት አጠቃቀሙ፣ ዝቅተኛና ከፍተኛው የፎቅ ቁጥር። ሻጩ ፊት «መንገዱ አይነካውም» ያለሽ ሠራተኛ ቃሉን በማኅተም ካልሰጠሽ እንዳልሰማሽው ቁጠሪው።

መንገዱ የማይነካው ከሆነና ጥገና የሚፈቀድ ከሆነ ስሌቱ ይለወጣል። ፊቱ ያለው ሱቅ በወር 30 ሺህ ብር ቢከራይ በዓመት 360 ሺህ ነው፤ 6 ሚሊዮን ተኩሉን ለመመለስ 18 ዓመት ገደማ። ሊዙና ግብሩ ሲቀነስ ከ20 ዓመት ያልፋል። በእኔ ሚዛን ይህ ውድ ነው። ወደ 5 ሚሊዮን ከወረደ እንነጋገራለን። መንገዱ ከነካው በ3 ሚሊዮንም አልገዛውም።

ሌላም መንገድ አለ። ከአስፋልቱ ኋላ ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ ኮብልስቶን በተነጠፈው መንገድ፣ ከመርካቶ ሳትወጪ ፈልጊ። እዚያ የግዴታው ፎቅ ዝቅ ያለ ነው፣ መስፋት ብዙም አያሰጋም። ጨርቅ ገዢ ደግሞ ሱቅ ለሱቅ ይዞራል፤ ጥግ ድረስ ይገባል። የቀበሌ ሱቅ «ቁልፍ» እንሽጥልሽ ቢሉሽ ግን እሺ አትበዪ። ያ ቤት ከ1967 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ የመንግሥት ነው። ቁልፍ የሚሸጥልሽ ሰው ራሱ ተከራይ ነው።

እስኪገኝ ድረስ አሁን ያለሽበትን ሱቅ የአምስት ዓመት ውል አድርጊው። ውሉ ላይ ሁለት መስመር ይግባ። መንገድ ሥራ በሩን ከዘጋ ለዚያ ጊዜ ኪራይ ይቀንስ፤ ሕንፃው ለልማት ከተነሳ ቅድሚያ የከፈልሽው ቀሪ ወር ይመለስልሽ። አከራይሽ ሁለተኛውን ይፈርማል፤ የመጀመሪያውን ይከራከርሻል፤ ግማሹ ላይ ተስማሙ።

ደላላው «እስከ ዓርብ ሌላ ገዢ አለ» ካለሽ ይሽጠው። ወረቀቱን ስታወጪ ደግሞ የመንገዱን ስፋትና የፊቱን ሜትር ጻፊልኝ፤ ቁጥሩን አብረን እንሠራዋለን።